ድመቷ ያለ ቀኗ ስትወልድ ምን እናድርግ?

ገበሬ ዓመቱን ሙሉ ደክሞ እህሉን ጎተራ ያስገባል። አይጥ ደግሞ ሌሊት ሌሊት ይበላዋል። የቀረውንም በሽንቱና በኩሱ ያበላሸዋል። የአይጥ ጠላት ድመት ናት። ስለዚህ ድመትን መንከባከብ እህልን መጠበቅ ነው።

ድመት የምታረግዘው 2 ወር ያህል፣ ማለት ከ63 እስከ 65 ቀን ነው። ከ1 ሳምንት በላይ ቀድማ ከወለደች ግልገሎቹ ቀናቸውን አልጨረሱም። በምን ይታወቃሉ? በጣም ያንሳሉ። ፀጉራቸው ስስ ነው። ጡት ለመሳብ አቅም ያጣሉ። ቀኑን የጨረሰ ግልገል ሲወለድ 100 ግራም ያህል ይመዝናል። እነዚህ ከዚያ ይቀላሉ። ብዙዎቹ ይሞታሉ። ቶሎ ከደረስንላቸው ግን የሚተርፉ አሉ።

1ኛ. ሙቀት

አዲስ የተወለደ ግልገል ገላውን ራሱ ማሞቅ አይችልም። ብርድ ከረሃብ ቀድሞ ይገድለዋል። በቅርጫት ውስጥ ደረቅ ጨርቅ አንጥፉ። ጠርሙስ ሙቅ ውሃ ሙሉና ክዳኑን አጥብቁ። በጨርቅ ጠቅልላችሁ በአንድ ጎን አስቀምጡት። ውሃው ሲቀዘቅዝ ለውጡት። ምድጃ ሥር ግን አታስጠጓቸው፤ ጭስና እሳት ይጎዳቸዋል።

2ኛ. ወተት

የላም እንገር ለጥጃ ምን እንደሚጠቅም ገበሬ ያውቃል። የድመትም እንገር እንደዚሁ ነው፤ ግልገሉን ከበሽታ ይከላከልለታል። ስለዚህ በተወለዱበት ቀን አፋቸውን ከእናታቸው ጡት አስጠጉላቸው።

መጥባት ያቃተው ግልገል አለ? መጀመሪያ ይሙቅ። ገላው የቀዘቀዘ ግልገል ወተት ቢሰጠው ሆዱ አይፈጭለትም። ከሞቀ በኋላ የእናቱ ወተት ካልተገኘ፣ ለጊዜው የላም ወተት አፍልታችሁ ለብ ሲል ከእንቁላል አስኳል ጋር ምቱት። ውሃ አትጨምሩበት፤ የላም ወተት ከድመት ወተት የቀጠነ ነው። መርፌ በሌለው ንጹህ ስሪንጅ ጠብ ጠብ እያደረጋችሁ በየ2 ሰዓቱ፣ ሌሊትም ጭምር ስጡት። በሆዱ ይተኛ እንጂ በጀርባው አታስተኙት፤ ወተቱ ሳንባው ገብቶ ይገድለዋል።

ከጠባ በኋላ ለብ ባለ እርጥብ ጨርቅ ከጅራቱ ሥር ቀስ እያላችሁ አሹት። ያን ጊዜ ይሸናል። እናቱም እየላሰች የምታሸናው እንዲሁ ነው።

3ኛ. እናት

«ድመት ካልተራበች አይጥ አትይዝም» የሚል ሰው አለ። ይህ ልክ አይደለም። የጠገበችም ድመት ታድናለች። የተራበች እናት ግን ወተቷ ይነጥፋል። የምታጠባ ድመት ከወትሮዋ እጥፍና ከዚያም በላይ ትበላለች። ሥጋ፣ እንቁላል፣ ንጹህ ውሃ ስጧት። ቦታዋ ጨለምለም ያለና ጸጥ ያለ ይሁን። ውሻና ወንድ ድመት አይድረሱባት። ልጆች እየመጡ ከነካኩባት ግልገሎቿን በአፏ ይዛ ወደ ሌላ ቦታ ትሄዳለች። ጡቷ ካበጠና ካተኮሰ፣ ወይም የሚሸት ፈሳሽ ከወጣት፣ ቶሎ ለእንስሳት ሐኪም አሳዩ።

የአይጥ መርዝ በቤት አትበትኑ። መርዝ የበላ አይጥ ድመቷንም ሊገድላት ይችላል።

ለራሳችሁም ተጠንቀቁ። ግልገል ከነካችሁ በኋላ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። ነፍሰ ጡር ሴት የድመት ኩስ አትጥረግ፤ ለጽንሱ አደገኛ በሽታ ሊያመጣ ይችላል። ድመት የነከሰችው ሰው ቁስሉን በውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ይጠብ፤ ከዚያ ሳይውል ሳያድር ጤና ጣቢያ ይሂድ። የእብድ ውሻ በሽታ በድመትም ይተላለፋል።

ይህን ያነበባችሁ፣ ድመቷ ላረገዘችበት ጎረቤታችሁም አንብቡለት።