ገና በቡና አገር



ያለፈውን ዓመት ገና የዋልነው ከአዲስ አበባ ከ550 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ በምትገኘው ሚዛን ተፈሪ ነበር። ጅማንና ቦንጋን አልፈን ከአክስታችን ደጃፍ ስንደርስ፣ ዓይናቸው ደክሞ ነበርና ልጆቻችንን አንድ በአንድ ፊታቸውን እየዳሰሱ ሳሟቸው።

«በየዓመቱ ‹ለከርሞ እንመጣለን› ስትሉኝ፣ ከዶሮው 12 ብልት አንዱን ለእናንተ ሳስቀምጥ ኖርኩ» አሉን። የምንመልሰው አልነበረንም።

በማግስቱ ልጆቹን ይዘን ወደ በበቃ ቡና እርሻ ወረድን። ቡናን ከጀበና በቀር የማያውቁት ልጆቻችን በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር የተንጣለለውን ተክል ሲያዩ፣ ከደረቀውም ጀንፈል ውስጥ ሁለቱን ፍሬ በጣታቸው ፈልፍለው ሲያወጡ ደስታቸው ወሰን አልነበረውም። በሦስተኛው ቀን ወደ ቴፒ ተጓዝን። የአካባቢው የሸካ ደን እ.ኤ.አ. በ2012 በዩኔስኮ በባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት የተመዘገበ ሲሆን፣ ቡናና ኮረሪማም በጥላው ይበቅላሉ። ማታ ማታ ልጆቹ ያዩትን ሁሉ ለአክስታችን ይተርኩላቸው ነበር፤ እርሳቸውም ቡናውን እያስፈሉ በጥሞና ያዳምጧቸዋል።

ስንሰናበታቸው ቡናና ኮረሪማ በከረጢት አስያዙን። በሰኔ ወር ዐረፉ፤ እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ይማር። ያን ጉዞ ዳግመኛ ለከርሞ ብናቆየው ኖሮ ልጆቻችን በፎቶግራፍ ብቻ ባወቋቸው ነበር።

የዛሬውን የገና ቡና የምናፈላው ከዚያው ከረጢት ከተረፈው ነው። አንባቢዎቻችን ሆይ፣ ለከርሞ ያቆያችሁት ዘመድ ቢኖር በዚህ በዓል ጠይቁት።

መልካም በዓል!