ጭሱ ጠፋ ሲባል የት ይሄዳል?

ኤፕሪል 30 ቀን 2025፣ በነጻነት ቀን ዋዜማ፣ በኢየሩሳሌም ተራሮች የተነሳው እሳት ቁጥር 1 አውራ ጎዳናን አዘጋ። ሰዎች መኪናቸውን መንገድ ላይ እየጣሉ በእግራቸው ሸሹ። የዋዜማው የችቦ ሥነ ሥርዓት እንኳ ተሰረዘ። 20,000 ዱናም ገደማ መሬት ተቃጠለ። በማግስቱ እሳቱ በቁጥጥር ስር ዋለ ተባለና ወሬውም ቀዘቀዘ። ስለ ጭሱ ግን ብዙ የጠየቀ ሰው አልነበረም።

ከላትሩን እስከ አሽዶድ በቀጥታ ቢለካ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ነፋሱ ከባሕር ሲነሳ ጭሱን ወደ ኢየሩሳሌም ይገፋዋል። የሻራቭ ቀን ሆኖ ከምሥራቅ ሲነፍስ ደግሞ ወደ ባሕር ዳርቻው፣ ወደ እኛ ሰፈር ያወርደዋል። በዓይን የሚታየው ጭስ ሳስቶ ሲያልቅ ብዙ ሰው «ጠፋ» ይላል። አልጠፋም፤ መልኩን ነው የለወጠው።

ገጠር ያደጉ አባቶችና እናቶች ይህን ነገር ከመጽሐፍ መማር አያስፈልጋቸውም። ጎጆ ውስጥ ከምድጃ የሚነሳው ጭስ ሲወጣ ነጣ ያለ ነው፣ ዓይን ያስለቅሳል። ጣሪያው ላይ ከርሞ ሲታይ ግን ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ ጥቀርሻ ሆኗል። ያው ጭስ ነው። እንጨቱ ተቃጥሎ ስላላለቀ፣ የቀረው ቅባትና ሙጫ መሰል ነገር በጣም ደቃቅ ሆኖ ወጥቶ እዚያ ተለጥፏል። የደን ቃጠሎ ጭስም እንዲሁ ነው፤ ልዩነቱ ጣሪያው ሰማይ መሆኑ ነው።

ከደቃቆቹ መካከል ለጤና በጣም የሚያሳስቡት ከአንድ ሚሊ ሜትር ሺህኛ ክፍል 2.5 እጅ ወይም ከዚያ ያነሱት ናቸው። የፀጉር ውፍረት 30ኛ እጅ አይሞሉም። አፍንጫ አያቆማቸውም፤ ሳንባ ድረስ ይገባሉ፣ ጥቂቶቹ ወደ ደም ያልፋሉ። አስም ወይም የልብ ሕመም ያለበት ሰው መጀመሪያ የሚጎዳውም ለዚህ ነው።

ከደቃቁ ጋር ደግሞ ብዙ ዓይነት ጋዝ ይወጣል። ይህ ጋዝ ከመኪና፣ ከመርከብና ከፋብሪካ ከሚወጣው የናይትሮጅን ጋዝ ጋር ሲገናኝና የፀሐይ ብርሃን ሲያርፍበት ኦዞን የሚባል ነገር ይፈጠራል። ወደብ፣ የነዳጅ ማጣሪያና የኃይል ማመንጫ ያላት አሽዶድ የናይትሮጅን ጋዝ አይቸግራትም። እዚህ ላይ አንድ የሚገርም ነገር አለ። ጭሱ ጥቅጥቅ ባለበት ቦታ ፀሐይዋን ስለሚጋርድ ኦዞኑ ብዙም ላይፈጠር ይችላል። ጭሱ ሲሳሳ፣ ሰማዩ ሲጠራ፣ «አሁን ደህና ነው» ሲባል ነው ሊበዛ የሚችለው። ኦዞን በዓይን አይታይም፤ ጉሮሮን ይከረክራል፣ ደረትንም ያጠብባል።

ከአሽዶድ ብዙም በማይርቀው በረሖቮት፣ በዋይዝማን ኢንስቲትዩት፣ ፕሮፌሰር ዪኖን ሩዲክና ባልደረቦቻቸው የእንጨት ጭስ አየር ላይ ሲቆይ ምን እንደሚሆን ለዓመታት አጥንተዋል። ቡናማው የጭስ ደቃቅ ቀን በፀሐይ፣ ሌሊት ደግሞ አየር ውስጥ ባሉ የናይትሮጅን ውሁዶች ምክንያት ቀለሙም ባሕርይውም ይቀየራል። ከእንጨት ጭስ የተገኘው ሬንጅ መሰል ነገር የሳንባ ሴሎችን እንደሚጎዳም በቤተ ሙከራ አይተዋል። ስለዚህ ያረጀ ጭስ የደከመ ጭስ ነው ማለት አይቻልም።

ነገሩ ከሰፈር አልፎ ወደ ላይም ይሄዳል። በ2019 መጨረሻና በ2020 መጀመሪያ በአውስትራሊያ የነደደው እሳት በጣም ኃይለኛ ስለነበር የራሱን ነጎድጓዳማ ደመና ፈጥሮ ጭሱን ከአውሮፕላን መንገድ በላይ አወጣው። ወደ አንድ ሚሊዮን ቶን ይገመታል። እዚያ ከፍታ ላይ ያለው ኦዞን ደግሞ ወዳጅ ነው፤ የሚያቃጥለውን የፀሐይ ጨረር ይከለክልልናል። ኤይታን ሂርሽና የዋይዝማኑ ኢላን ኮረን በ2021፣ አሜሪካዊቷ ሱዛን ሰለሞን ከባልደረቦቿ ጋር በ2023 የዚያን ጭስ ታሪክ ጽፈዋል። ሰለሞን እንዳሳየችው፣ ድሮ ከማቀዝቀዣና ከሽቶ መርጫ ወጥቶ እስካሁን ላይ የቀረው ክሎሪን በጭሱ ደቃቅ ላይ ነቅቶ ኦዞኑን መብላት ጀመረ፤ በደቡቡ የዓለም ክፍል መካከለኛ አካባቢዎች በ2020 ከ3 እስከ 5 በመቶ ቀንሷል። እነዚያን ጋዞች ለመከልከል አገሮች የተስማሙት በ1987 ነበር። የ1987 ውል ጠላቱን አስሮ ነበር፤ ጭሱ መጥቶ ፈታው ማለት ነው።

በ2019 የፀደይ ወራት የስሜን ተራሮች ሲነድ ብዙ የአሽዶድ ሰው ስልኩ ላይ ቁጭ ብሎ አይቷል። ጓሳው፣ አስታው ተቃጠለ። ከእስራኤል የእሳት አደጋ ሠራተኞች ሄደው ረድተዋል፣ ከኬንያም ሄሊኮፕተር መጥቷል። ያኔም ስለ እሳቱ ተወራ እንጂ ተራራው ስር ያለው ሕዝብ ስንት ቀን ምን እንደተነፈሰ የጠየቀ ጥቂት ነው።

ታዲያ የጭስ ቀን ምን ይደረግ? መስኮት መዝጋት ትክክል ነው። ነገር ግን መስኮቱን ዘግቶ ከሰል አያይዞ ቡና ማፍላት፣ ዕጣን ማጨስ፣ ውጭ የተከለከለውን ቤት ውስጥ መሥራት ነው፤ የከሰሉ ጋዝ ደግሞ በተዘጋ ቤት ነፍስ ያጠፋል። ለአንድ ቀን ቡናው በኤሌክትሪክ ቢፈላ ምንም አይቀርበትም። ማዝጋን የክፍሉን አየር ያቀዘቅዛል እንጂ ደቃቁን አያጣራም። ተራው ሰማያዊ ማስክ ብዙም አይረዳም፣ ኤን 95 የሚባለው ይሻላል፤ እሱም ኦዞንን አያስቆምም። ኦዞን ከቀትር በኋላ ስለሚበረታ የእግር ጉዞውን በዚያ ሰዓት መተው ነው።

የላግ ባኦሜር ደመራም በየዓመቱ ይህንኑ ነገር በትንሹ ያመጣል፤ በዚያ ሌሊት በየጣቢያው የሚለካው ደቃቅ ከወትሮው ብዙ እጥፍ ይሆናል። የአካባቢ ጥበቃ ሚኒስቴር የየጣቢያውን ልኬት በኢንተርኔት ያወጣል። ዕብራይስጥ ማንበብ የሚከብዳቸው ወላጆች ልጅ ወይም የልጅ ልጅ «የአሽዶዱ ጣቢያ ዛሬ ምን ቀለም ነው?» ብለው ይጠይቁ። የአገሩን ጠቅላላ ሳይሆን የአሽዶዱን ይጠይቁ። የአስም መንፊያውም አልቆ እንደሆነ ከጭሱ ቀን በፊት ከኩፓት ሆሊም ይወሰድ።