ብቻውን ሲቀር የሚያላዝን ውሻ፦ የመለየት ጭንቀት ምንድን ነው? እንዴትስ ይታከማል?

ባሕር ዳር፦ ባለቤቱ ከቤት ሲወጣ ቀኑን ሙሉ የሚያላዝን፣ በር የሚቧጥጥ፣ የታሰረበትን ገመድ የሚበጥስ ውሻ በከተማም በገጠርም ያጋጥማል። ጎረቤት በጩኸቱ ይማረራል፤ ባለቤቱም ከሥራ ወይም ከገበያ ሲመለስ የተቀደደ ልብስና የተቆፈረ ግቢ ይጠብቀዋል። በብዙ አካባቢ የውሻ ማላዘን የክፉ ነገር ምልክት ተደርጎ ስለሚወሰድ እንዲህ ያለው ውሻ ይደበደባል፣ ከቤት ይባረራል፤ አንዳንዴም “አብዷል” ተብሎ ይገደላል።

የእንስሳት ሕክምና ሳይንስ ይህን ችግር የመለየት ጭንቀት ይለዋል። ችግሩ በትዕግሥት ሊታከም የሚችል ነው። ከእብድ ውሻ በሽታ ለይቶ አለማወቅ ግን ውሻውንም ሰውንም ለአደጋ ይዳርጋል።

የመለየት ጭንቀት ምንድን ነው?

የመለየት ጭንቀት ውሻ አብዝቶ የሚቀርበው ሰው ሲለየው የሚያድርበት ብርቱ ፍርሃት ነው። ውሻው በር የሚቧጥጠው ወይም ልብስ የሚቀድደው በእልህ ወይም ባለቤቱን ለመበቀል ሳይሆን ከፍርሃቱ ለማምለጥ ሲሞክር ነው።

“ውሻ በበላበት ይጮኻል” የሚለው ብሂል ውሻን ከሰው ጋር ያስተሳሰረው ምግብ ብቻ እንደሆነ ያስመስላል። ጥናቶች የሚያሳዩት ግን ከዚያ የጠለቀ ትስስር ነው። የሃንጋሪ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ በ1998 ባሳተሙት ጥናት 51 ውሾችን ከባለቤቶቻቸው ጋር ወደማያውቁት ክፍል አስገብተው ባሕርያቸውን ተከታትለዋል። የተጠቀሙት ፈተና ሕፃናት ከእናቶቻቸው ጋር ያላቸውን ትስስር ለመለካት የተዘጋጀ ነበር። ውሾቹ ባለቤታቸው አብሯቸው ሲሆን ይጫወቱና ክፍሉን ያስሱ ነበር፤ ባለቤታቸው ወጥቶ ከማያውቁት ሰው ጋር ሲቀሩ ግን ወደ በሩ ያዘነብሉ ነበር።

የመለየት ጭንቀት ያለበት ውሻም አጥንት ቢቀርብለት እንኳ ባለቤቱ እስኪመለስ ላይነካው ይችላል። ይህም ጭንቀቱ የምግብ ጉዳይ አለመሆኑን በግልጽ ያሳያል።

መነሻው ምንድን ነው?

ብዙውን ጊዜ ችግሩ የሚጀምረው በውሻው ኑሮ ላይ ድንገተኛ ለውጥ ሲመጣ ነው። ከእረኛ ልጅ ጋር በመስክ ሲውል ያደገ ውሻ፣ ልጁ ለትምህርት ወደ ከተማ ሲሄድ ለብቻው ይቀራል። ቤተሰብ ከሰፊ ግቢ ወደ ኮንዶሚኒየም ሲዛወር፣ ዘወትር ቤት የሚውለው ሰው ሥራ ሲይዝ ወይም ወደ ሌላ አገር ሲሄድ፣ የቤቱ አባወራ ወይም እማወራ በሞት ሲለይም ተመሳሳይ ሁኔታ ይፈጠራል። ከአንዱ ባለቤት ወደ ሌላው ሲዘዋወር የኖረ፣ እንዲሁም ለብቻው መቆየትን ሳይለምድ ያደገ ቡችላም ለችግሩ ሊጋለጥ ይችላል።

ምልክቶቹ

የተለመዱት ምልክቶች ማላዘንና ያለማቋረጥ መጮኽ፣ በርና መስኮት አካባቢ መቧጠጥ፣ ወዲያ ወዲህ መንቆራጠጥ፣ ማለክለክ፣ ለሃጭ ማዝረብረብ፣ በማይጸዳዳበት ቦታ መጸዳዳትና ምግብ አለመቅመስ ናቸው። በሰንሰለት የታሰረ ውሻ ለማምለጥ ሲታገል አንገቱን ሊያቆስል፣ ሰንሰለቱን ሲያኝክም ጥርሱን ሊሰብር ይችላል።

ዋናው መለያ ምልክቶቹ የሚታዩበት ጊዜ ነው። ጭንቀቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ባለቤቱ ለመውጣት ሲሰናዳ ወይም ከወጣ በኋላ ባሉት የመጀመሪያዎቹ 30 ደቂቃዎች ነው። ባለቤቱ ሲመለስ ውሻው ጭራውን እየቆላ ይቀበለዋል፤ ጥቂት ቆይቶም ይረጋጋል። ነገሩን ለማጣራት ቀላሉ መንገድ ስልክን ቪዲዮ እንዲቀርጽ አድርጎ ቤት ውስጥ ትቶ መውጣት ነው። ሰው ቤት እያለም የሚጮኽ፣ የሚቆፍር ወይም የሚያኝክ ውሻ ችግሩ ሌላ ሊሆን ይችላል። ጅብ ወይም መንገደኛ አይቶ የሚጮኽ፣ ጥርስ በማብቀል ላይ ያለ፣ ሥራ ፈትቶ የሰለቸው ወይም ሕመም ያለበት ውሻም ተመሳሳይ ባሕርይ ያሳያል።

ከእብድ ውሻ በሽታ በምን ይለያል?

የመለየት ጭንቀት ከሰው መራቅ ጋር ይመጣል፤ ሰው ሲመለስ ደግሞ ይሄዳል። የእብድ ውሻ በሽታ ግን ባለቤቱ ኖረም አልኖረም በየቀኑ እየባሰ ይሄዳል። በበሽታው የተያዘ ውሻ ያለ ምክንያት ሊናከስ፣ ድምፁ ሊለወጥ፣ መንጋጋው ሊንጠለጠል፣ መዋጥ ሊያቅተው፣ ሲራመድ ሊንገዳገድ ይችላል። ሁሉም ተናካሽ አይሆንም፤ አንዳንዱ ፈዝዞና ከሰው ርቆ በጨለማ ቦታ ይተኛል። ምልክት ያሳየ ውሻ ብዙውን ጊዜ በ10 ቀናት ውስጥ ይሞታል።

የለሃጭ መዝረብረብና ዕረፍት ማጣት በሁለቱም ላይ ስለሚታይ፣ ጥርጣሬ ካለ ጉዳዩን እንደ እብድ ውሻ በሽታ መያዝ ይገባል። ወደ ውሻው መቅረብ፣ ለሃጩን መንካት ወይም አፉን ከፍቶ ለማየት መሞከር አደገኛ ነው። ሕፃናትንና ከብቶችን አርቆ በአቅራቢያ ላለው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ማሳወቅ ያስፈልጋል። የተነከሰ ወይም ቁስሉ ላይ ለሃጭ የነካው ሰው ቁስሉን ቢያንስ ለ15 ደቂቃ በሳሙናና በውኃ አጥቦ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለበት። በሽታው በሰው ላይ ምልክት ካሳየ በኋላ መዳን የለም ማለት ይቻላል፤ በወቅቱ የሚሰጥ ክትባት ግን ሕይወት ያተርፋል።

ዱላ ለምን አይጠቅምም?

ብዙ ባለቤቶች ሲመለሱ የጠፋውን አይተው ውሻውን ይመታሉ። ውሻው አንገቱን ደፍቶ ጆሮውን ሲጥልም ጥፋቱን ያወቀ ይመስላቸዋል። እ.ኤ.አ በ2009 የታተመ ጥናት ግን ይህ ገጽታ የሚመጣው ከባለቤቱ ቁጣ እንጂ ውሻው ከሠራው ጥፋት አለመሆኑን አሳይቷል። ምንም ያላጠፉ ውሾችም ሲቆጧቸው እንደ አጥፊ አቀርቅረዋል።

ውሻ ከሰዓታት በፊት የሠራውን አሁን ከሚደርስበት ዱላ ጋር አያገናኝም። የሚማረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የባለቤቱ መምጣትም የሚያስፈራ መሆኑን። ስለዚህ ጭንቀቱ ይብሳል። በጠባብ ክፍል መዝጋት ወይም ሰንሰለቱን ማሳጠርም ፍርሃቱን ሊያባብሰው ይችላል። ሁለተኛ ውሻ ማምጣትም ብዙ ጊዜ መፍትሔ አይሆንም፤ የናፈቀው ሰውን ነውና።

ሥልጠናው እንዴት ይከናወናል?

ውሻ ባለቤቱ ጫማ ሲያደርግ፣ ቁልፍ ሲያነሣ ወይም ጋቢ ሲደርብ ሊሄድ መሆኑን ያውቃል፤ ጭንቀቱም ያኔ ይጀምራል። የመጀመሪያው ሥራ እነዚህን ምልክቶች ከመሄድ መለየት ነው። ባለቤቱ በቀን ውስጥ ደጋግሞ ቁልፉን አንሥቶ ተመልሶ ይቀመጣል፤ ጫማውን አድርጎ ሳይወጣ ቡናውን ይጠጣል። ከጊዜ በኋላ ውሻው ለእነዚህ ነገሮች ትኩረት መስጠቱን ይተዋል።

ቀጥሎ ባለቤቱ ከበር ወጥቶ ለ5 ሰከንድ ያህል ቆይቶ ይመለሳል። ውሻው ከተረጋጋ ወደ 10፣ ወደ 30 ሰከንድ፣ ከዚያም ወደ 1 ደቂቃና ወደ 5 ደቂቃ ያሳድገዋል። ደንቡ ውሻው መጨነቅ ሳይጀምር መመለስ ነው። ከተጨነቀ ጊዜው ረዝሟል ማለት ስለሆነ ወደ ቀደመው አጭር ጊዜ ዝቅ ማለት ያስፈልጋል። ሲወጡም ሆነ ሲመለሱ ግርግር ሳያበዙ በእርጋታ ማድረግ ይጠቅማል። ውሻው ለግማሽ ሰዓት ያህል ተረጋግቶ መቆየት ከቻለ በኋላ ጊዜውን ማራዘም ብዙውን ጊዜ ይቀላል። ሥልጠናው በአጠቃላይ ሳምንታትን፣ አንዳንዴም ወራትን ይፈልጋል።

በዚህ ወቅት ውሻውን ለረጅም ሰዓት ብቻውን መተው የተሠራውን ሥራ ያፈርሳል። ቤተሰቡ ለገበያም ሆነ ለማኅበር ተራ በተራ ቢወጣ ወይም ውሻው የሚያውቀው ጎረቤት አብሮት ቢቆይ ይመረጣል። ከመውጣት በፊት ውሻውን በእግር ማንሸራሸርም ይረዳል። ቀን በሰንሰለት ውሎ ማታ ብቻ የሚፈታ ጠባቂ ውሻ፣ ቀንም የሚንቀሳቀስበት ጊዜ ቢያገኝ ይረጋጋል።

መድኃኒት አለው?

ጭንቀቱ ለበረታበት ውሻ ሥልጠናን የሚያግዙ መድኃኒቶች አሉ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ክሎሚፕራሚንን እ.ኤ.አ በ1998፣ ፍሉኦክሴቲንን ደግሞ በ2007 ለዚሁ ችግር ፈቅዷል። መድኃኒቶቹ ውጤት ለማሳየት ሳምንታት የሚፈጅባቸው ሲሆን ያለ ሥልጠና ብቻቸውን በቂ አይደሉም። ለሰው የታዘዘ የጭንቀትም ሆነ የእንቅልፍ መድኃኒት ያለ እንስሳት ሐኪም ትእዛዝ ለውሻ መስጠት አይገባም።

መከላከሉ

ቡችላን 8 ሳምንት ሳይሞላው ከእናቱ አለመለየት ይመከራል። ከመጣ በኋላም በየቀኑ ለጥቂት ደቂቃ ብቻውን ማቆየት፣ ከአንድ ሰው ጋር ብቻ ሳይሆን ከቤተሰቡ ሁሉ ጋር ማላመድ ያስፈልጋል። ሦስት ወር ሲሞላው የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ማስከተብና ክትባቱን የእንስሳት ጤና ባለሙያ በሚያዝዘው ጊዜ ማደስም ይገባል። የተከተበ ውሻ ሲያላዝን ባለቤቱም ሆነ ጎረቤቱ በፍርሃት ዱላ ከማንሣት ይልቅ ምን እንደሆነ ለመመርመር ጊዜ ያገኛሉ።