ዐቀበት ለመውጣት የአውቶሞቢልን ጭስ ማውጫ ስለ ማስፋት

ቤተ ሰቡን ይዞ ሩቅ አገር የሚሄድ ሰው ከጥንት ጀምሮ አስቀድሞ የሚያስበው ስለ ስንቅና ስለ ማደሪያ ነው። ዛሬ ደግሞ ማደሪያውን ራሱን ይዞ መጓዝ የሚወድ ሰው አለ፤ ይኸውም በሚኒባስ ወይም በአነስተኛ የጭነት መኪና ውስጥ አልጋና ምድጃ የውሃ በርሜልም አግብቶ እንደ ቤት የሚጠቀምበት ነው። በታኅሣሥ 19 እና በሐምሌ 19 ቀን ለቁልቢ ገብርኤል በዓል ከሚሄደው ብዙ ሕዝብ መካከልም በመኪናው ውስጥ የሚያድር አይታጣም። እንዲህ ያለውን መኪና የሚፈትነው ግን የጨርጨር ዐቀበት ነው።

ከአዲስ አበባ የሚነሣው መንገድ አስቀድሞ ወደ አዋሽ ቆላ ይወርዳል፤ አዋሽም ከባሕር ወለል በላይ 1000 ሜትር ያህል ነው። ከዚያ አሰቦትንና ሚኤሶን ዐልፎ ወደ ደጋው መውጣት ይጀምራል። ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የጨርጨር ገዥ ሳሉ ያቀኑት አሰበ ተፈሪ፣ ዛሬ ጭሮ የሚባለው ከተማ፣ 1800 ሜትር በሚያህል ከፍታ ላይ ይገኛል። ከእርሱም ወዲያ በአርበረከቴና በሒርና በኩል ገና ሌላ ዐቀበት አለ፤ ቁልቢም ከ2000 ሜትር በላይ ነው።

ሞተር እንደ ሰው ይተነፍሳል፤ ንጹሕ ዐየር ይስባል፣ ከነዳጅ ጋር ያቃጥላል፣ የተቃጠለውን ጭስ ያስወጣል። ከፍታ በጨመረ መጠን ዐየሩ ስለሚሳሳ፣ ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ100 ሜትሩ ከጉልበቱ ከመቶ 1 እጅ ያህል ያጣል። ስለዚህ በባሕር ጠረፍ 100 የፈረስ ጉልበት የሚሰጠው ሞተር አሰበ ተፈሪ ሲደርስ 82 ያህል ብቻ ይቀረዋል። በዚህ ላይ የአልጋው፣ የምድጃውና የቤተ ሰቡ ክብደት ሲጨመርበት፣ መኪናው በሁለተኛ ማርሽ እያቃሰተ ቢወጣ የሚያስገርም አይደለም።

በዚህ ጊዜ ባለ መኪናው ወደ ጋራዥ ሄዶ፣ ማርሚታው ተነሥቶ በምትኩ ሰፊ ቧንቧ እንዲገባለት ይጠይቃል። አሳቡ ጨርሶ ከንቱ አይደለም። የጭሱ መንገድ ከጠበበ ወይም በጥላሸት ከተደፈነ፣ ሞተሩ ከጉልበቱ ከፊሉን ጭሱን ገፍቶ ለማስወጣት ያባክነዋል። በተለይ ቱርቦ ላለው የናፍጣ ሞተር፣ ቱርቦውን የሚያዞረው ጭሱ ራሱ ስለ ሆነ፣ ከቱርቦው በኋላ ያለው መንገድ በልክ ቢሰፋ ይጠቅማል። ቱርቦ ለሌለው ሞተር ግን ትርፉ ትንሽ ነው። እንዲያውም ቧንቧው ከልክ በላይ ሲሰፋ ጭሱ ፍጥነቱን ያጣና፣ ሞተሩ ቀስ ብሎ በሚዞርበት በዐቀበቱ ላይ ጉልበቱ ሊቀንስ ይችላል። የጭስ ማውጫ መስፋት የሳሳውን ዐየር አያወፍረውም።

ከወዳጆቻችን አንዱ ይህን ሳያውቅ፣ ለበዓል ሊሄድ ሦስት ቀን ሲቀረው የቤንዚን ሚኒባሱን ማርሚታ አስወልቆ ሰፊ ቧንቧ አስበየደ። ድምፁ እንደ አንበሳ ሆነ፤ ባለቤቱም ደስ አለው። በዐቀበቱ ላይ ግን የተገኘው ትርፍ ከጩኸቱ ጋር የሚመጣጠን አልነበረም። ሌሊት ብርዱ ስለ በረታ፣ ልጆቹ እንዲሞቃቸው ብሎ ሞተሩን ሳያጠፋ ተኙ። እኩለ ሌሊት ሲሆን ትንሿ ልጅ ራሴን አመመኝ ብላ አለቀሰች፤ እናቲቱም ራሷን አዙሯት ነበርና «ልጆቹን ያውጧቸው፤ ሞተሩንም ያጥፉት» ብላ በሩን ከፈተች። በነጋ ጊዜ ቢታይ፣ ቧንቧው በተበየደበት ቦታ ከወለሉ በታች ተሰንጥቆ ተገኘ። የእናቲቱ ንቃት ባይኖር ኖሮ ያ ቤተ ሰብ ላይነቃ ይችል ነበር።

የዚህ አደጋ ምክንያት ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለው ጋዝ ነው። ቀለምም ሽታም የለውም። ወደ ሳንባ ሲገባ ኦክሲጅን ከደም ጋር ከሚጣበቅበት ኀይል ከ200 ጊዜ በላይ በሆነ ኀይል ከደም ጋር ስለሚጣበቅ፣ ሰውነት ኦክሲጅን ያጣል። ምልክቱም ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽና እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት ነው። በመኪና ውስጥ ካሉት ሰዎች ሁለቱን ወይም ሦስቱን በአንድ ጊዜ ራሳቸውን ቢያማቸው፣ የመንገድ ድካም ነው ብሎ መተው አይገባም፤ ወዲያው ወደ ንጹሕ ዐየር ወጥቶ ወደ ሐኪም መሄድ ያስፈልጋል።

ስለዚህ ጉልበት የሚሻ ባለ መኪና ሥራውን በቅደም ተከተል ቢያደርገው ደግ ነው። በመጀመሪያ የዐየር ማጣሪያውን ይመልከት፤ የቆላው አቧራ የደፈነው እንደ ሆነ የጉልበቱ ማነስ ከዚያ ነው። ቀጥሎ የነዳጅ ማጣሪያውን፣ ከዚያም የጭስ ማውጫው በድንጋይ ተመትቶ የተጣመመ ወይም የተደፈነ እንደ ሆነ ያስመርምር። ጥቁር ጭስም የጉልበት ምልክት አይደለም፤ ሳይቃጠል የወጣ ነዳጅ ነው። የማያስፈልገውን ዕቃ ማውረድና በጊዜ ማርሽ መቀነስ ደግሞ ገንዘብ የማይጠይቅ ትርፍ ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ማስፋት ካስፈለገ፣ ለሞተሩ ልክ የሆነ ቧንቧና አዲስ ጓርኒሲዮን ይግባበት፤ ማርሚታውም አይቅር። የቧንቧው ጫፍ ከወለሉ በታች ሳይቀር ከመኪናው አካል ዐልፎ ወደ ውጭ ይውጣ። በየመገጣጠሚያው ጥቁር ጥላሸት የታየ እንደ ሆነ ጭስ እያመለጠ ነውና ይጠገን። መኪናው በሚሄድበት ጊዜ የኋላውን በር መክፈት ጭሱን ወደ ውስጥ ይስባል፤ ሰው ተኝቶም ሞተር ማስነሣት ፈጽሞ አይገባም።

አንድ ነገር ደግሞ እንጨምር። በብዙ የጭነት መኪናዎች ላይ የጭሱን መንገድ በመዝጋት ሞተሩ ራሱ መኪናውን እንዲይዝ የሚያደርግ መሣሪያ አለ። ጭስ ማውጫ ሲለወጥ ይህ መሣሪያ አብሮ ቢወገድ፣ ከደጋው ወደ ሚኤሶ በሚወረድበት ጊዜ ሸክሙ ሁሉ በፍሬኑ ላይ ይወድቃል፤ ፍሬንም ሲግል መያዙን ይተዋል። ዐቀበቱን ለመውጣት የተደከመበት ሥራ ቁልቁለቱን አደጋ እንዳያደርገው መጠንቀቅ ነው።

አባቶቻችን ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይላሉ። ለበዓል የሚሄድ ሰው መኪናውን ከጉዞው ቀደም ብሎ ያሠራ፤ ከሠራተኛውም ጋር ወርዶ ከሥሩ ይመልከት። በዐቀበት ላይ ግማሽ ሰዓት መዘግየት ጉዳት የለውም፤ ልጆቹን ሁሉ በጤና ይዞ ወደ ቤቱ የተመለሰ ሰው በጊዜ ደርሷል።