ከሩጫው ቀን በፊት ያለው ሩጫ

ማራቶን የሚባለው ሩጫ ርዝመቱ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር ነው። ተመልካች የሚያየው ከሁለት ሰዓት ጥቂት የሚበልጥ ድካም ነው፤ ሯጩን ለዚያ ቀን ያበቁትን ወራት ግን የሚያይ የለም። እኛም በዚህ ጽሑፍ ልንናገር ያሰብነው ስለ እነዚያ ስለማይታዩት ወራት ነው። ይህን ማድረጋችንም ያለ ምክንያት አይደለም። ከደሴ ወደ ወልዲያ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው በውርጌሳ፣ እንደ ሌላው የአገራችን ከተማ ሁሉ፣ የጀግኖቻችንን ድል አይተው ልባቸው ለሩጫ የሚነሣሣ ልጆች አሉና፣ ወላጆች የሚመክሯቸውን ቢያውቁ ይጠቅማል።

የአበበ ቢቂላን ስም የማያውቅ ቤተ ሰብ የለም። ይህ የክብር ዘበኛ ባልደረባ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በዘመን መለወጫችን ዋዜማ፣ ያን ጊዜ በሮም ቆሞ በነበረው በአክሱም ሐውልት አጠገብ በባዶ እግሩ አልፎ፣ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ አሸነፈ። ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ባዶ እግሩን ነው። ነገር ግን ያ እግር በአንድ ሌሊት የጸና አልነበረም፤ በስዊድናዊው አሠልጣኝ በኦኒ ኒስካነን መሪነት በአገሩ ደጋ ሲለማመድ የቆየ ነው። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. በቶኪዮ ሁለተኛውን ድል ሲያገኝም፣ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካስወጣ ገና 40 ቀን አልሞላውም ነበር። የዓመታት ብርታት ባያከማች ኖሮ፣ የጥቂት ሳምንታት ልምምድ ለዚህ ባላበቃው ነበር።

የልምምድ ወራት በሰውነት ውስጥ ምን ይሠራሉ? ልብ በአንድ ምት ብዙ ደም መግፋትን ትለምዳለች፤ ጡንቻም ስንቁን ማከማቸትንና መቆጠብን ይማራል። ይህ ስንቅ ከእህል የሚገኝ ስኳር ሲሆን፣ ያልተዘጋጀ ሯጭ 30ኛውን ኪሎ ሜትር ባለፈ ጊዜ ያልቅበትና ጉልበቱ ይከዳዋል። ጅማትና አጥንት ግን ከጡንቻ ይልቅ ዘግይተው ይጠነክራሉ። ትንፋሹ የበረታለት ወጣት ቸኩሎ ርቀቱን በአንድ ጊዜ ሲያበዛ ጉልበቱና ቁርጭምጭሚቱ የሚጎዱት ስለዚህ ነው። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው የአባቶች ብሂል ለሯጭ የተነገረ ይመስላል። በሳምንት አንድ ቀን ረጅም ሩጫ፣ በሌላው ቀን ቀላል፣ ከዚያም ዕረፍት ያስፈልጋል፤ ውድድሩ ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ሲቀረውም ልምምዱን መቀነስ ይገባል። ዕረፍት ስንፍና አይደለም፤ የደከመው ሰውነት የሚታነጸው በዕረፍት ነውና።

በዚህ ረገድ ወላጆችም ድርሻ አላቸው። ልጁ መኪና ከሚበዛበት አስፋልት ይልቅ በአፈር መንገድ እንዲሮጥ፣ እንቅልፉን እንዲጠግብ፣ ስለ ሩጫ ብሎም ትምህርቱን እንዳይተው መከታተል ይገባቸዋል። በጾም ወራት ብርቱውን ልምምድ ወደ መብል ሰዓት ማቅረብ፣ ሽሮውን፣ ምስሩንና ባቄላውን ከእንጀራው ጋር አለማጓደል፣ ስለ ጾሙም ከነፍስ አባት ጋር መመካከር መልካም ነው። ይህም ለወንዶች ልጆች ብቻ አይደለም፤ ፋጡማ ሮባ በ1988 ዓ.ም. በአትላንታ ስታሸንፍ፣ ከአፍሪካ ሴቶች በኦሊምፒክ ማራቶን ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ሆናለች።

ይሁን እንጂ የተለማመደ ሁሉ ያሸንፋል ማለት አይደለም። ያው አበበ ጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ እግሩን ታሞ ሩጫውን አቋረጠ፤ ድሉም ለአገሩ ልጅ ለማሞ ወልዴ ሆነ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ታምራት ቶላ ለፓሪስ ኦሊምፒክ የተያዘው በተጠባባቂነት ነበር። ሲሳይ ለማ በጉዳት ምክንያት ሲቀር፣ ውድድሩ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት በእርሱ ቦታ ተተካ። ነሐሴ 4 ቀንም በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ26 ሴኮንድ፣ በኦሊምፒክ አዲስ ክብረ ወሰን አሸነፈ። ተጠባባቂ ነኝ ብሎ ልምምዱን አቃሎት ቢሆን ኖሮ፣ ጥሪው በደረሰው ጊዜ ለመዘጋጀት ቀኑ ባልበቃው ነበር።

እንግዲህ ዝግጅቱ የሰው ነው፤ ቀኑ ግን የሰው አይደለም። ዘይታቸውን ይዘው የጠበቁት ልባሞች ደናግልም የሚያስተምሩን ይህንኑ ነው። ስለዚህ ልጆቻችንን «ታሸንፋለህን?» ከማለት ይልቅ «የዛሬውን ዛሬ ሠራህን?» ብለን እንጠይቃቸው። ይህን የለመደ ልጅ ሜዳልያ ባያገኝ እንኳ፣ ለትምህርቱም ለኑሮውም የሚሆን ትዕግሥት ስንቅ ሆኖት ይቀራል።