የማይወድቅ የእንጨት መደርደሪያ በቤታችን እንዴት እንሠራለን?

የጤፍ ዱቄት፣ ሽሮ፣ በርበሬ፣ ጀበና፣ የኤሌክትሪክ ምጣድ፦ ለዚህ ሁሉ ዕቃ የአፓርታማው ቁም ሣጥን አይበቃም። በኢትዮጵያ ሳሉ ብዙ አባቶቻችን በአንጥረኝነትና በሽመና፣ እናቶቻችንም በሸክላ ሥራ ይታወቁ ነበር። ስለዚህ በእጅ መሥራት ለእኛ አዲስ አይደለም። ነገር ግን መደርደሪያ ላይ ሕፃን ሊንጠላጠልበት ይችላል። ከማማሩ በፊት አለመውደቁ ይታሰብ።

የሚያስፈልጉ መሣሪያዎች፦ ሜትር፣ እርሳስ፣ መጋዝ፣ መሰርሰሪያ፣ ካቻቢቴ፣ የብርጭቆ ወረቀት እና 4 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያላቸው የእንጨት ብሎኖች።

እንጨት (ልኩ በሳንቲ ሜትር)፦
• 4 ቋሚዎች፦ 4 በ4፣ ርዝመት 120
• 6 ደጋፊዎች፦ 2 በ4፣ ርዝመት 30
• 9 ጣውላዎች፦ 2 በ9፣ ርዝመት 80
• 1 ማገር፦ 2 በ4፣ ርዝመት 135

አሠራሩ፦

1. እንጨቱን ሁሉ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጉ።

2. ሁለት ቋሚዎችን አስተኝታችሁ ከታች በ15፣ በ60 እና በ105 ሳንቲ ሜትር ላይ ምልክት አድርጉ። በየምልክቱ አንድ ደጋፊ በአግድም አድርጋችሁ በየጫፉ በ2 ብሎን እሰሩ። መሰላል ይመስላል። ሁለተኛውንም ጎን እንዲሁ ሥሩ። ብሎን ከማስገባታችሁ በፊት በቀጭን መሰርሰሪያ ብሱ፤ አለዚያ እንጨቱ ይሰነጠቃል።

3. ደጋፊዎቹ ወደ ውስጥ እንዲሆኑ ሁለቱን ጎኖች አቁማችሁ፣ በየደረጃው 3 ጣውላ ከላይ አስቀምጡና በብሎን እሰሩ።

4. መደርደሪያውን በፊቱ አስተኙት። ከላይ ቀኝ ማዕዘን እስከ ታች ግራ፣ ከዚያም ከላይ ግራ እስከ ታች ቀኝ ለኩ። ሁለቱ ልኮች እኩል ካልሆኑ ተጣሟል፤ በረዘመው በኩል ገፍታችሁ አስተካክሉ። ከዚያ ማገሩን ከኋላ በሰያፍ እሰሩ። አራት ማዕዘን በቀላሉ ይጣመማል፤ ሦስት ማዕዘን ግን አይጣመምም። ብሎን ከማብዛት ይልቅ መደርደሪያውን ከመወዛወዝ የሚያድነው ይህ አንድ እንጨት ነው።

5. በመጨረሻ በሁለቱም በኩል ከላይ በታጠፈ ብረት (ዛቪት) ከግድግዳ ጋር እሰሩት። ይህን አትተዉ። የኮንክሪት ግድግዳ በምት የሚሠራ መሰርሰሪያና ዲቤል ይፈልጋል፤ ለጌቬስ ግድግዳ ደግሞ የራሱ ዲቤል አለው። ከሶኬትና ከመብራት ማብሪያ በላይ፣ በታች ወይም በትይዩ አትብሱ፤ ሽቦ ሊያልፍ ይችላል። ለማማድ ግድግዳ ሌላ ቦታ ምረጡ። ቤቱ የኪራይ ከሆነ ባለቤቱን አስፈቅዱ።

አቀማመጥ፦ ምጣድና የዱቄት ከረጢት ከታች፣ ቀላል ዕቃ ከላይ ይሁን። ልጆችን የሚስብ ጣፋጭ ነገር ከላይ አታስቀምጡ፤ የሚያወጣቸው እሱ ነውና።

መልካም ሥራ!