ስለ ጀልባ ማውረጃ አሠራር፤ ውኃ በሚጎድልበት ሐይቅ ዳር

በይፋት ቆላ የሚኖር ሰው የውኃን ጠባይ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ያውቃል። የሮቢ ወንዝ በክረምት ከደጋው ድንጋይና ደለል እያንከባለለ ይወርዳል፤ በበጋ ግን ቀጥኖ በጠጠር መካከል ይሄዳል። ከብቱን ወደ ኩሬ የሚነዳ እረኛም በጥቅምት ከብቶቹ የጠጡበት ዳር በሚያዝያ ደርቆ፣ ውኃው ወደ መካከል ሸሽቶ፣ በዙሪያውም ማጥ ተዘርግቶ ያገኘዋል። የተጠማች ላም ወደ ውኃው ስትሮጥ በማጡ ትያዛለች፤ እርስዋን ለማውጣትም መንደርተኛው ሁሉ ገመድ ይዞ ይደክማል። ይህን ያየ ሰው ከዚህ ቀጥሎ የሚነገረውን ለማስተዋል አይቸገርም፤ በሚጎድል ሐይቅ ዳር ጀልባን የሚያገኛት ችግር ከዚያች ላም ችግር ጋራ አንድ ነውና።

የጀልባ ማውረጃ ማለት ከደረቅ መሬት ተነሥቶ ወደ ውኃ ውስጥ የሚገባ፣ የጠነከረ የተዳፋት መንገድ ነው። ጀልባ በእርሱ ላይ ተጎትታ ትወርዳለች፤ ዓሣ አጥማጅ፣ እህል የጫነ ነጋዴ፣ ወደ ሐኪም የሚወሰድ በሽተኛም እግሩ ጭቃ ሳይነካ በእርሱ በኩል ይሳፈራል። ውኃው በአንድ ልክ የሚቆም ቢሆን ኖሮ ሥራው ቀላል በሆነ ነበር። ነገር ግን የተገደበ ውኃ በአንድ ልክ አይቆምም። ምክንያቱም ብዙ ነው፤ ፀሐይና ነፋስ ከላዩ ያተንኑታል፤ ለመብራት ኃይልና ለመስኖ በግድቡ በር ይለቀቃል፤ ዝናብ የዘገየ እንደ ሆነ ደግሞ የሚተካው አያገኝም። ጎርፍ የሚያመጣው ደለልም ከሥሩ እየተከመረ የዳሩን ጥልቀት ያሳንሳል።

በአገራችን እንዲህ ያሉ ውኃዎች ብዙዎች ናቸው። የቆቃ ሐይቅ የአዋሽ ወንዝ ተገድቦ በ1952 ዓ.ም. ሥራው የተፈጸመ ነው። የተከዜ ግድብ በ2002 ዓ.ም. ተመርቋል፤ በሐይቁም በዋግ ኽምራ በኩል ያሉ ሰዎች ዓሣ ያጠምዱበታል። የጣና ሐይቅ ምንም የተፈጥሮ ሐይቅ ቢሆን፣ በባሕር ዳር አጠገብ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በጫራ ጫራ መቆጣጠሪያ በ1988 ዓ.ም. ስለ ተሠራለት፣ ከዚያ ወዲህ ውኃው እንደ ግድብ ውኃ በበር የሚለቀቅና የሚያዝ ሆኗል።

የማውረጃው ሥራ የሚበላሽበት ዋናው ስሕተት ይህ ነው። ሠራተኞች ውኃው ሞልቶ ባለበት ወራት መጥተው በዚያን ቀን ያዩትን ዳር የሐይቁ ዳር ነው ብለው ያስባሉ፤ መንገዱንም እዚያ ላይ ይጨርሱታል። ውኃው በጎደለ ጊዜ የመንገዱ ጫፍ በማጥ ላይ ይቀራል፤ ጀልባይቱም ከጫፉ እስከ ውኃው በሰው ጉልበት ትጎተታለች። ይህም እንዳይሆን አስቀድሞ መታወቅ ያለበት በሞላ ጊዜ ያለው ልክ ብቻ አይደለም፤ ይልቁንም እጅግ በጎደለበት ዓመት የደረሰበት ዝቅተኛ ልክ ነው።

ለዚህ ነገር የጣና ታሪክ ጥሩ ምስክር ነው። በደኅናው ዓመት በጣና በሞላበትና በጎደለበት ወራት መካከል ያለው ልዩነት 1.6 ሜትር ያህል ነው። በ1995 ዓ.ም. ግን ዝናቡ ስላነሰና ለመብራት ኃይል ብዙ ውኃ ስለ ተለቀቀ፣ ሐይቁ እስከ ሰኔ ድረስ እጅግ ወረደ። መርከቦች ያለ ሥጋት ሊሄዱ የሚችሉት ውኃው ከባሕር ወለል በላይ 1785 ሜትር ሲደርስ ነው፤ በዚያ ዓመት ከዚህ ልክ በታች ስለ ወረደ ለአራት ወር ያህል የመርከብ ጉዞ ተቋረጠ። ውኃው የሸሸበትን መሬት ገበሬዎች አረሱት፤ ታንኳ የሚሠራበት ደንገልም በብዙ ቦታ ጠፋ። ስለዚህ የደኅናውን ዓመት ልክ ብቻ ይዞ የሚሠራ ሰው ሥራው በክፉው ዓመት ይከዳዋል።

እንግዲህ የማውረጃው ርዝመት በሂሳብ እንዴት እንደሚገኝ እንመልከት። የተዳፋቱ ልክ በብዙ አገር የተለመደው በየ8 ሜትር መንገድ 1 ሜትር መውረድ ነው። ተዳፋቱ ከዚህ እጅግ የበለጠ እንደ ሆነ እግር ያድጣል፤ ጀልባ የጫነውም ጋሪ ወደ ውኃው ይሳባል። እጅግ ያነሰ እንደ ሆነ ደግሞ ጀልባይቱ እስክትንሳፈፍ ድረስ ጋሪውና ሰዎቹ ሩቅ ወደ ውኃው መግባት ይኖርባቸዋል። በሰው ትከሻ የምትወሰድ የደንገል ታንኳ ግን ለስላሳ ተዳፋት ቢሆንላት ይሻላታል።

ሦስት ቁጥሮች ይደመራሉ። መጀመሪያው በከፍተኛውና በዝቅተኛው የውኃ ልክ መካከል ያለው ልዩነት ነው። ሁለተኛው ማዕበል እንዳይደርስበት ከከፍተኛው ልክ በላይ የሚጨመረው ግማሽ ሜትር ያህል ነው። ሦስተኛው ጀልባ ለመንሳፈፍ የሚያስፈልጋት ጥልቀት ሲሆን፣ ከዝቅተኛው ልክ በታች 1 ሜትር ያህል ይወርዳል። ለምሳሌ ልዩነቱ 1.6 ሜትር ቢሆን፣ ድምሩ 3.1 ሜትር ይሆናል፤ ይህም በ8 ሲባዛ 25 ሜትር ያህል ርዝመት ይወጣል። ለክፉው ዓመት 1 ሜትር ቢጨመር ግን ርዝመቱ 33 ሜትር ይሆናል። በእነዚህ 8 ሜትሮች ላይ የሚወጣው ድንጋይና ሲሚንቶ ብዙ አይደለም፤ ሳይሠሩ ቢቀሩ ግን በክፉው ዓመት ሰዎች ከነሸክማቸው በማጥ ውስጥ ይሄዳሉ።

ይኸው ሂሳብ በተከዜ ላይ ቢደረግ ሌላ ነገር ያስተምራል። በዚያ በሙሉው ልክና ኃይል ማመንጫው በሚሠራበት ዝቅተኛ ልክ መካከል 44 ሜትር ያህል ልዩነት አለ። ይህ በ8 ሲባዛ 352 ሜትር ይሆናል፤ ይህን የሚያህል መንገድ በአንድ ቀጥታ መሥራት በገደላማ አገር የማይሆን ነገር ነው። ስለዚህ ለእንደዚህ ያለ ሐይቅ የሚሻለው በልዩ ልዩ ከፍታ ሁለትና ሦስት አጫጭር ማውረጃዎችን ሠርቶ በመንገድ ማያያዝ ነው። አንደኛው በደረቅ ሲቀር ሁለተኛው ያገለግላል። ከባዶ በርሜልና ከሳንቃ የተሠራ ተንሳፋፊ መድረክም ከውኃው ጋራ አብሮ ስለሚወጣና ስለሚወርድ ለመሳፈር ይጠቅማል፤ ነገር ግን ማሠሪያ ገመዱን ውኃው በጎደለ ቁጥር የሚያስተካክል ጠባቂ ያስፈልገዋል።

ስለ ቦታው ምርጫም ማስተዋል ይገባል። ዳሩ ሜዳ የሆነና በየ100 ሜትሩ 1 ሜትር ብቻ የሚወርድ እንደ ሆነ፣ ውኃው አንድ ሜትር ሲጎድል ዳሩ 100 ሜትር ይሸሻል፤ በዚያ የሚሠራ ማውረጃ ውኃውን አይደርስበትም። ወንዝ የሚገባበት አፍም ደለል ስለሚከመርበት አይመረጥም። የሚሻለው ዳሩ ወደ ጥልቁ ቶሎ የሚወርድበት፣ መሬቱ ጠጠር ወይም ዓለት የሆነ፣ ከነፋስም የተከለለ ቦታ ነው።

ሥራው የሚጀመረው ከታች ነው። ውኃው እጅግ በሚጎድልበት ወራት፣ ክረምቱ ሳይገባ፣ የታችኛው ጫፍ በደረቅ ይሠራል፤ በውኃ ውስጥ ሲሚንቶ ማፍሰስ አስቸጋሪና ብዙ ገንዘብ የሚያስወጣ ነውና። ጭቃው ተጠርጎ ጠጠር ይደለደላል፤ በላዩም ቤቶን ይፈሳል። ፊቱ መለሰን የለበትም፤ ውኃ ውስጥ የቆየ ነገር አረንጓዴ አውጥቶ ያሙለጨልጫልና። ስለዚህ ሳይደርቅ ወደ ጎን ያዘነበለ ቦይ ቦይ ይደረግበታል፤ በዚያም ውኃውና ጭቃው ይወርዳል፤ እግርም ይይዛል። ማዕበል ከሥሩ አፈሩን እንዳይሸረሽረው በጫፉና በሁለቱ ጎን ትልልቅ ድንጋይ ይደረደራል። ከሥራው በኋላም በየዓመቱ ደለሉ ካልተጠረገ የተደከመበት ሁሉ ከንቱ ይሆናል።

የመንደር ትምህርት ቤት ይህን ትምህርት በኩሬ ዳር ሊያስተምር ይችላል። ልጆቹ ሜትርና ሳንቲ ሜትር የተጻፈበት ቀጥ ያለ እንጨት ሠርተው በኩሬው ጥልቅ ክፍል ይተክላሉ፤ ከጥቅምት እስከ ሰኔ በየወሩ አንድ ቀን የውኃውን ልክ አይተው በደብተር ይጽፋሉ። ተዳፋቱን ለማወቅ ደግሞ በ8 ሜትር ርቀት ሁለት ችካል ተክለው ሲባጎውን በውኃ ልክ አስተካክለው ይወጥሩታል፤ ከሲባጎው እስከ መሬት ያለውንም በሁለቱ ችካል ላይ ለክተው ከትልቁ ትንሹን ይቀንሳሉ። የቀረው 1 ሜትር ቢሆን ተዳፋቱ ለማውረጃ ተስማሚ ነው።

ደብተሩ ግን የሚናገረው ስለ ጥቂት ዓመት ብቻ ነው። ከዚያ በፊት የነበረውን የሚያውቁት ሽማግሎች ናቸው። በየትኛው ዓመት ኩሬው እንደ ደረቀ፣ በየትኛው ድንጋይ ሥር ውኃው እንደ ቆመ፣ ጎርፍ እስከ የትኛው ዛፍ እንደ ደረሰ ይናገራሉ። መምህሩ ይህን እየጠየቀ ቢጽፍ፣ ልጆቹም በቦታው ላይ ምልክት ቢያኖሩ፣ ከብዙ ዘመን በኋላ የሚሠራው መሐንዲስ ትልቅ እርዳታ ያገኛል። በሚጎድል ውኃ ዳር የሚሠራ ሰው ዛሬ የሚያየውን ውኃ ብቻ ሳይሆን፣ አባቶቹ ያዩትን ደረቅ ዓመት አስቦ ሊሠራ ይገባዋል።